ወደ ፀሐይ መውጫ የዞሩት ፓነሎች

ስልኩ ሲጮህ ብልጭታ ከሥራ ገብታ አንድ ጫማዋን አውልቃ ሁለተኛውን እየፈታች ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይሄን ቅጽል ግን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ ልጅ ሳለች ሶኬት ውስጥ ሚስማር ከትታ ቤቱን ጨለማ ስላለበሰችው። የሆነ ሆኖ ስሙ ሥራዋን መራት። አድጋ በየሰዉ ጣሪያ ላይ ሶላር የምትተክል ባለሙያ ሆነች።

የደወለው ታናሽ ወንድሟ ነው። እሱን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ጭምቱ ይሉታል። ከተራራው ወዲያ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ በተወለዱበት ቤት ከአባታቸው ጋር ይኖራል። የመንገድ ዳሩን ክፍል ፀጉር ቤት አድርጎታል። የሰው ፀጉር እየቆረጠም ቢሆን አንድ ጆሮው ጓዳ ነው፤ አባታቸው ጓዳ ናቸውና።

«እትዬ፣ የምሥራች!» አላት። «የሶላሩን ነገር ገላገልኩሽ።»

«የምኑን ሶላር?»

«የቤታችንን ነዋ! በፀሐይ መግቢያ በኩል የነበሩትን ፓነሎች አወረድኩና ከፀሐይ መውጫዎቹ ጋር ቀላቀልኳቸው። አሁን ሁሉም ባንድ ፊት ናቸው። ትናንት አመሻሽ ላይ አለቀ።»

ብልጭታ ጫማዋን ከእጇ ለቀቀችው።

«ማን ገጠመው?»

«ብረቱን ቆርቆሮ መቺው አሰረልኝ፤ ገመዱን እኔው ቀጠልኩት። ምን ያስቸግራል? መሰኪያው ወንድና ሴት ነው፣ ካንዱ በቀር ከሌላው አይገባ።»

«እንዴት አድርገህ ቀጠልከው?»

«አንዱን ካንዱ፣ አንዱን ካንዱ፣ እስከ መጨረሻው። ሁሉም አንድ መስመር ሆኑ። እንዲያውም ከኢንቨርተሩ ሁለት ማስገቢያ አንዱ ተረፈን» ብሎ ሳቀ።

«ስማኝ ጭምቱ። አሁኑኑ ተነስና ከኢንቨርተሩ አጠገብ ያለውን ቀይ ማጥፊያ...»

ስልኩ ተቋረጠ።

መልሳ ደወለች። አይሠራም። ደግማ ደወለች። የሴትዮዋ የተቀዳ ድምፅ እንደ ወትሮው ረጋ ብሎ ማግኘት እንደማይቻል ነገራት። እዚያ ከተማ ክረምት ሲገባ መብራት በሄደ ቁጥር ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል፤ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፣ አንዱ ሲያኮርፍ ሌላውም ያኮርፋል። መብራቱ አንዳንዴ በማግሥቱ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ሳምንት ይቆያል።

ሶላሩን የተከለችውም በዚሁ ምክንያት ነበር። አባታቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ የጨርቁ ብናኝ ይሁን ሌላ፣ ሳንባቸው ደክሟል። አልጋቸው አጠገብ የቆመ ማሽን የክፍሉን አየር ስቦ፣ አጣርቶ፣ ኦክስጅኑን በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው ይልካል። ማሽኑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚይዘው የፓነሎቹን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው ኢንቨርተርና ኃይሉን የሚያጠራቅመው ባትሪ ነው።

የዚያን ቤት ሶላር ስትተክል የተጠበበችውን ያህል ለማንም ደንበኛ ተጠብባ አታውቅም። ጣሪያው ሁለት ክንፍ አለው፤ አንዱ ፀሐይ መውጫን ያያል፣ አንዱ መግቢያን። ፓነሎቹን እኩል ከፍላ በሁለቱም ክንፍ ደረደረቻቸው፤ የእያንዳንዱን ክንፍ መስመር ለየብቻው ወደ ኢንቨርተሩ አስገባችው። እንደ ፈረቃ ሠራተኞች ናቸው፤ የጠዋቶቹ ሲደክሙ የከሰዓቶቹ ይበረታሉ፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሙሉ ጉልበታቸውን አያወጡም። ስለዚህ ኢንቨርተሩ ትልቅ መሆን አላስፈለገውም። ትልቅ ኢንቨርተር ራሱም ሌሊቱን ሙሉ ከባትሪው የሚበላው ነገር አለ፤ እሷ ደግሞ ከዚያ ባትሪ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ ለአባቷ ትንፋሽ ካልሆነ በቀር እንድትወጣ አልፈለገችም።

አሁን ግን ሁሉም ባንድ ክንፍ፣ ሁሉም ባንድ መስመር። ፓነሎች ተከታትለው ሲቀጠሉ ቮልታቸው ይደመራል። ኢንቨርተሩ ደግሞ የሚችለው ልክ አለው። ወረቀት አውጥታ ደመረችው። እንደ ሰሞኑ ሞቅ ብሎ ደመና ሲሆን፣ ለጥቂት ይተርፋል። በብርድና በጠራ ማለዳ ግን ያልፈዋል። ብዙ ሰው ፓነል ሙቀት የሚወድ ይመስለዋል። ፓነል የሚወደው ብርሃን ነው፤ ሙቀትማ ያደክመዋል። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ፓነል ላይ ጥርት ያለ የማለዳ ፀሐይ ያረፈች እንደሆነ ቮልቱ ሽቅብ ይዘላል። ያኔ ኢንቨርተሩ ዕድለኛ ከሆነ ራሱን ያጠፋል። ካልሆነ ይቃጠላል። በሁለቱም መንገድ ማሽኑ ይቆማል።

ተነስታ መስኮቱን ከፈተችው። ስንት ሳምንት ሰማዩን ሸፍኖት የከረመውን ደመና ነፋስ እየጠረገው ነበር። ብርዱ ፊቷን መታት። ከተራራው በላይ አንድ ኮከብ ወጥቷል።

«ዛሬ!» አለች ለራሷ። «ከቀን ሁሉ ዛሬ ልትጠራ?»

በክረምት ማታ ያን ተራራ የሚሻገር መኪና የለም። የምታውቃቸውን ሹፌሮች ሁሉ ጠየቀች፤ አንዱም እሺ አላለም። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን ሌላ ነገር ነው። ጭምቱ ሦስት ጊዜ ነግሯታል። ከፀሐይ መግቢያ በኩል ያለው ጎረቤት ፎቅ እየሠራ ነው፣ ጥላው ጣሪያችን ላይ ወደቀ፣ ከሰዓት በኋላ ባትሪው መሙላት ትቷል፣ ነይና እይው ብሏታል። ሦስቱንም ጊዜ «በሚቀጥለው ሳምንት» ብላዋለች።

ጎህ ሳይቀድ ዳቦ የሚያከፋፍል ፒካፕ አገኘች። ሹፌሩ ጎምለል ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ጋቢና አስገባትና ከኋላ በተጫነው ዳቦ ሽታ ታጅበው ተራራውን ተያያዙት። እሷ ዓይኗን ከሰማዩ አልነቀለችም። አንድ የደመና ቁራጭ እንኳ የለበትም።

«ምን ጠፍቶሽ ነው እህቴ ሰማይ ሰማይ የምታዪው?» አለ ሹፌሩ።

«ፀሐይ ሳትወጣ መድረስ አለብኝ።»

«እኔ እኮ እስከ ዛሬ ዝናብ የሚፈራ ሰው እንጂ ፀሐይ የሚፈራ ጭኜ አላውቅም!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠው። «ሰው ታሞ ነው?»

«አባቴ ናቸው። የሚተነፍሱበት ማሽን ሊቆም ነው።»

ሹፌሩ ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። ማርሹን ቀየረና መኪናውን ያስጮኸው ጀመር። ብልጭታ ስልኳን ትሞክራለች፣ ታወርዳለች፣ ትሞክራለች። ያ የኦክስጅን ሲሊንደር ትዝ አላት፤ ለክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠው። ባለፈው ስትጠይቀው ጭምቱ «ሊያልቅ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ሲል አስሞላዋለሁ» ብሏት ነበር። አስሞልቶት ይሆን? መንገዱ መቼ ደረቀና?

ቁልቁለቱ ላይ ደርሰው ከተማይቱ ከታች ስትታይ፣ መንገዱ መሐል አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ላይ ተንሸራቶ በአግድም ቆሟል። የጭነት መኪናው ሹፌርና ረዳቱ ጎማው ሥር ድንጋይ እየጎሰጎሱ ይሰዳደባሉ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ግንብ የመሰለ አፈር። ማለፍ የለም።

«እግሬ ይሻላል» ብላ ቦርሳዋን ይዛ ወረደች።

«ቆይ!» አለና ሹፌሩ በመስኮቱ አንድ ዳቦ አቀበላት። ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ተቀበለችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከመለኪያውና ከፒንሳው ጋር ከተተችውና መሮጥ ጀመረች።

የአገሩ ልጅ ናትና አቋራጩን ታውቀዋለች። ጭቃው ጫማዋን እየያዘ ያስቀርባታል፤ ታወጣዋለች፤ ደግሞ ይይዘዋል። ከተማይቱ በስተምሥራቅ ጉብታ ስላለባት ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትደርሳት። ተስፋዋ ያ ብቻ ነበር። ግን ብርሃኑ ከማዶ ካለው ተራራ አናት ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ታየዋለች። መጀመሪያ የውሃውን ማማ ነካው። ከዚያ የጎረቤቱን አዲስ ፎቅ፣ ገና ያልተለሰነውን የላይኛውን ደርብ አቀላው። ከዚያ ወደ ታች ወረደ።

መንደራቸው ጥግ ላይ ስትደርስ የቤታቸው ጣሪያ ታያት። ፓነሎቹ በሙሉ ባንድ ክንፍ ተሰልፈው፣ ሌሊት የወረደባቸው ጤዛ እየተነነ፣ እንደ መስተዋት ያበራሉ። ፀሐይ ቀድማታለች።

ከግቢው በር ሳትገባ ድምፁን ሰማችው። አንድ ወጥ፣ የማያቋርጥ ጩኸት። የኦክስጅን ማሽኑ ኃይል ሲያጣ የሚጮኸው ጩኸት ነው።

ጓዳ ስትገባ አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ትራስ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ በክርናቸው ተደግፈዋል። ከንፈራቸው ጥላሸት የነካው ይመስል ጠቁሯል። ጭምቱ ከፊታቸው ተንበርክኮ ሲሊንደሩን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ጀርባቸውን ያሻል። ጩኸቱን የሰማው አይመስልም። ፊቱ ላይ ድንጋጤ የለም፤ ድንጋጤውን ሌላ ቦታ አስቀምጦት የመጣ ይመስላል።

«አባ...» ብላ ልትጮህ ስትል፣ ሳይዞር እጁን አነሣ።

«ቀስ። በድምፅሽ እንዳታስደነግጪያቸው።» ከዚያ እዚያው ባለበት፣ «ድንገት ነው የጠፋው። ሲሊንደሩ ብዙ የለውም። ይሄን ነገር ታስነሺው እንደሆነ ቶሎ በይ።»

ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ኢንቨርተሩ ግድግዳው ላይ ቀይ መብራቱን እያበራ ዝም ብሏል። መጀመሪያ ያደረገችው አፍንጫዋን አስጠግታ ማሽተት ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ይኖር እንደሆነ። የለም፤ ወይም ደግሞ አፍንጫዋ ፈርቶ ደብቋታል። ከጣሪያ የሚመጣውን መስመር የሚቆርጠውን ቀይ ማጥፊያ አዞረችው። የባትሪውንም አጠፋች። አሁን መጠበቅ ነበረባት። ውስጡ የታመቀው ኃይል እስኪፈስ ሳይጠብቁ ማስነሣት የባሰ ጣጣ ያመጣል፤ ስንቱን ጀማሪ ለዚህ ተቆጥታለች። እሷ ራሷ ግን ዛሬ እጇን ከማብሪያው ላይ አላነሣችም። ከጓዳ የአባቷ ትንፋሽ ይሰማታል፤ አጭር፣ ቀጥሎ አጭር፣ ቀጥሎ ደግሞ የማይመጣ የሚመስል፣ ከዚያ የሚመጣ።

«እትዬ!» አለ ጭምቱ።

«ጥቂት ጠብቅ!»

«እኔ እጠብቃለሁ። እሳቸው ናቸው የማይጠብቁት።»

የባትሪውን መስመር መልሳ አገናኘችና ማብሪያውን ተጫነች። ምንም የለም። ስክሪኑ ጥቁር ነው። በልቧ ስንት ነገር አለፈ፤ ከተማው ውስጥ ሌላ ኢንቨርተር ማን አለው፣ መኪናው መንገዱ ላይ ቆሟል፣ ሐኪም ቤቱ ስንት ይርቃል፣ ተሸክመናቸው ብንሄድስ። ከዚያ ውስጡ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ማራገቢያው አጉረመረመ። ስክሪኑ በራ።

ጓዳ ያለው ጩኸት ተቋረጠና ማሽኑ የተለመደውን ማጉተምተም ጀመረ። ብልጭታ ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ወለሉ ተንሸራተተች። የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ እንባ ግን አልመጣም።

ጥቂት ቆይቶ የአባታቸው ከንፈር መልኩ ተመለሰ። ዓይናቸውን ገልጠው በጭቃ የተለወሰችውን ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ደግሞ ሚስማር ከተትሽ?» አሉ፣ በቁራጭ ትንፋሽ።

«እኔ አይደለሁም አባባ፤ ዛሬስ ወንዱ ልጅዎ ነው።»

ጭምቱ አልሳቀም።

ጭንቀቱ አላለቀም ነበር። ባትሪው ያለው ከሩብ በታች ነው። መብራት የለም፤ ሲሊንደሩ ባዶ ነው። ፀሐይ ደግሞ ከላይ ያለ ጥቅም እየፈሰሰች ነው። ጎረቤት ያሉትን መበለት አባታቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ እህትና ወንድም መሰላሉን ወጡ።

ብልጭታ መስመሩን መሐል ላይ ነቀለችው። ግማሹን ባለበት ተወችው፤ ግማሹን ደግሞ ቀድሞ ለፀሐይ መግቢያዎቹ በዘረጋችው፣ አሁን ጣሪያው ላይ ተጠቅልሎ በቀረው ገመድ ወደ ሁለተኛው ማስገቢያ አዞረችው። ጭምቱ ገመድ ያቀብላታል።

«ልትገድላቸው ነበር እኮ!» አለች በመጨረሻ። ልትለው አላሰበችም፤ አፏ አመለጣት።

ጭምቱ ገመዱን አስቀመጠ። «እኔ?» አለ። «በየማታው ባትሪው ሲደክም የምሰማው እኔ ነኝ። ማሽኑ ይቆም ይሆን ብዬ ልብሴን ሳላወልቅ የማድረው እኔ ነኝ። ነይ አልኩሽ። ነይ አልኩሽ። ነይ አልኩሽ። አንቺ የሰው ጣሪያ ላይ ነበርሽ።»

ቆርቆሮው ሥር የሆነ ቦታ የዶሮ ድምፅ ይሰማል።

«የት ላይ እንደተሳሳትኩ እንኳ አላውቅም» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ሁሉም ፀሐይ እንዲያገኙ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሐሳብህ ልክ ነበር። ጥላ የሚበላውን ፓነል ማንሳት ልክ ነው። ሁሉንም ባንድ መስመር መቀጠልህ ነው ጥፋቱ። ያንንም ልነግርህ እዚህ መሆን ነበረብኝ።»

ወርደው ቀዩን ማጥፊያ ከመክፈቷ በፊት ሁለቱንም መስመር በመለኪያ ለካች፤ ደግማ ለካች፤ መለኪያውን ለጭምቱ ሰጥታ እሱም እንዲለካ አደረገች። «ይሄ ቁጥር እዚህ ኢንቨርተሩ ላይ ከተጻፈው በልጦ ካየኸው፣ ሰማይ ቢወድቅ እንዳትከፍተው» አለችው። ከፈተችው። ኢንቨርተሩ ለአፍታ አሰበና ከፀሐይ መቀበል ጀመረ። ባትሪው ሽቅብ አለ።

ሹፌሩ የሰጣትን ዳቦ ያኔ አስታወሰችው። ከፀጉር ቤቱ መስተዋት ሥር ቁጭ ብለው በሻይ በሉት።

ረፋዱ ላይ ግን ሌላው ጣጣ ብቅ አለ። ብልጭታ ስክሪኑን ስታይ ኢንቨርተሩ የሚችለውን ያህል እየሠራ ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን አንድም አይጨምርም። ፓነሎቹ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሙሉ ጉልበታቸውን እየሰጡ ነው፤ የኢንቨርተሩ በር ግን ለአንድ ፈረቃ ብቻ የተሠራ ነው። የተረፈው ሁሉ ውጭ ይቀራል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ፀሐይ ወደ ሌላው ክንፍ ዞራ፣ ፓነሎቹ እያሉ የሌሉ ያህል ሆኑ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ሲወርድ እያየች ጥፍሯን ትበላለች። ባትሪው ሳይሞላ ሊመሽ ነው።

«ትልቅ ኢንቨርተር ብንገጥምስ?» አለ ጭምቱ።

«ጠዋት ብዙ ይገባል። ከሰዓት የሚገባ ከሌለ ግን በር ማስፋት ምን ያደርጋል? ይልቅ የተወሰኑትን ወደ ቦታቸው መመለስ ነበረብን። ፎቁ ነው እንጂ...»

አባታቸው በረንዳው ላይ ረጅም ቱቦ ተደርጎላቸው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁሌም እዚያው ናቸው፤ በረንዳው ከቤቱ ወጣ ያለ ስለሆነ የጣሪያው የፀሐይ መግቢያ ክንፍ ከዚያ ይታያቸዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያ ጥላ» አሉ፤ ዐረፉ። «ጠርዙን ነው እንጂ የሚበላው፣ አንገትጌውን አይነካውም።»

ልጆቻቸው ተያዩ።

«የጣሪያውን ነው የምላችሁ። በየቀኑ አየው የለ? ከታች ጀምሮ ይወጣል። ወገቡ ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ ራሷ ትገባለች። አንገትጌው አካባቢ» ብለው በጣታቸው የጣሪያውን አናት አሳዩ፣ «እስኪመሽ ድረስ ብርሃን አለው።»

ጭምቱ አንገቱን ነቀነቀ። «እውነታቸውን ነው። እኔም አይቻለሁ። ግን ፓነሎቹ ታች የነበሩ ስለሆኑ ልብ አላልኩትም።»

ብልጭታ መሰላሉን ወጣች። ጥላው ቆርቆሮው ላይ እየተሳበ ሲመጣ በጠመኔ ጠርዙን ታሰምርበታለች። ጥቂት ትቆያለች፣ ደግማ ታሰምራለች። ወገቡ ላይ ሲደርስ ቆመች፤ ጠበቀች። ፀሐይዋ ከፎቁ ጎን አልፋ ወረደች። የላይኛው ረድፍ ብርሃኑን አልተነጠቀም። እዚያ አራት ፓነል በአግድም ይተኛል። አራት እዚህ፣ ስድስት በፀሐይ መውጫ። ለሁለት መስመር፣ ለሁለት ፈረቃ፣ ለዚያው ኢንቨርተር ይበቃል። አባቷ ከታች ሆነው ቀና ብለው ያዩዋታል።

«ከመቁረጥሽ በፊት ደግመሽ ለኪ!» አሉ፣ ትንፋሻቸውን ሁሉ አውጥተው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሳሉ።

ያን ዕለት ባትሪው ሳይሞላ መሸ። በፈረቃ አደሩ፤ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ እሷ፤ ሌላውን መብራት ሁሉ አጥፍተው፣ ስክሪኑን እያዩ። ሊነጋ ሲል ባትሪው ጥቂት ኃይል ቀርቶት ነበር። ጥቂትም ቢሆን ቀርቶታል። በማግሥቱ ቆርቆሮ መቺው መጣ፤ ፓነሎቹን አዛወሩ። ከሁለት ቀን በኋላ መንገዱ ተከፈተና ሲሊንደሩ ተሞልቶ መጣ። ብልጭታ ኢንቨርተሩን አላመነችውም። የተጎዳ ነገር ይኖረዋል ብላ ሌላ አንድ፣ መጠኑ እንዲሁ የሆነ፣ አስመጥታ ለመጠባበቂያ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠችው። የድሮው ግን እስካሁን ይሠራል። በብርዳማና በጠራ ማለዳ በራሷ ቤት ሆና ከእንቅልፏ ብድግ ትላለች፤ ያ ፍርሃት አልለቀቃትም።

በዚያው ሳምንት፣ ከመመለሷ በፊት ባለው እሑድ፣ ጭምቱን የድሮ ጓደኞቹ ኳስ እንጫወት ብለው ጠሩት። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። በሩ ላይ ወጣ ገባ ይላል።

«ሂድ!» አለችው። «አብሬያቸው ነኝ።»

«ሳል ሲነሣባቸው አታስተኚያቸው። ወደ ፊት ደገፍ አድርጊያቸው።»

«ነግረኸኛል።»

«ውሃ በማንኪያ...»

«ጭምቱ!»

ሄደ። ጥቂት እንደቆየ ሳሉ ተነሣ። ብልጭታ ትራሱን ይዛ ተንደረደረች፤ ጠረጴዛውን መታችው፤ ውሃው ተደፋ። ማሽኑ እየሠራ ነው፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ፀሐይዋ ከላይ አለች፣ እሷ ግን ምን እንደምታደርግ አታውቅም። እጇን የት ታሳርፍ? አባቷ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ፣ አንድ እጃቸውን ዘርግተው እጇን ያዙና ትከሻቸው መሐል ላይ አኖሩት። ከዚያ ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ቀስ ብለው አወጡ። እያዩዋት። እሷም እንደሳቸው አሞጠሞጠችና አወጣች። ደግመው አወጡ፤ ደግማ አወጣች። የማን ትንፋሽ ማንን እንደሚመራ ሳይታወቅ፣ ሳሉ ቀስ እያለ ላላ፣ ተወ።

ብዙም ሳይቆይ ጭምቱ ጉልበቱ ድረስ በጭቃ ተለውሶ፣ እያለከለከ ገባ። ጨዋታው ሳይጋመስ ጥሎ መጥቷል። የተደፋውን ውሃ አየ፣ የተንጋደደውን ጠረጴዛ አየ፣ ከዚያ ሁለቱን አየ።

«ምን ተፈጠረ?»

«ምንም» አሉ አባታቸው። «ስንት ለስንት ናችሁ?»